ሰባት ሰዓት ላይ ትተነው የሄድነው ጉድጓድ

ሴትየዋ ቢሯችን የመጣች ቀን ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነበር። ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ ሀብታሞች ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ ቪላ ውስጥ አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ስትኖር እንደዚያ ያለ ወለል በባዶ እግር እንጂ ረግጣ አታውቅም፤ እግሯ የለመደውን አደረገ። «እትዬ፣ ኧረ ጫማዎን ያድርጉ፤ እኛ ራሳችን ከነአቧራችን ነው የምንገባው» አልኳት። ሳቅ አለችና ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ንድፍ፣ ከዚያም እኔን አይታ፣ «ኢንጂነሩ አንተ ነህ?» አለችኝ።

አልነበርኩም። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ንድፍ ማንሳት ተምሬ፣ እንጀራ ፍለጋ ጅቡቲ የወረድኩ ተራ ድራፍትስማን ነበርኩ። ኢንጂነሩ አለቃዬ ነው፤ ፈረንሳይ አገር የተማረ የጅቡቲ ሰው፣ ቃል ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ የሚመርጥ። ግን በዚያ ሰዓት እሱ ቢሮ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ጉራ ከምሳ በላይ ያጠግበኝ ነበር። «አዎ፣ ይቀመጡ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንጂነር ሆንኩ። እሷ እንዲያ ብላ በጠራችኝ ቁጥር ወንበሬ ላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ እል ነበር፤ እውነቴን ነው።

ጉዳይዋን ነገረችኝ። ከሀራሙስ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ፒኬ ዱዝ ምግብ ትሸጣለች። ፒኬ ዱዝ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ወደ ወደቡ እስኪጠሩ የሚያርፉበት ሜዳ ነው። ሾፌሮቹ ሽሮዋን በልተው፣ በዚያ ሙቀት፣ መኪናቸው ሥር ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ። እሷም ይህን ስታይ ከርማ፣ ወደ ወደቡ ከሚወስደው መንገድ ጀርባ፣ ባሕሩ አቅራቢያ፣ አንድ ባዶ ቦታ አግኝታለች። ታች ምግብ ቤት፣ ላይ ለሾፌሮች መኝታ ልትሠራ። ያጠራቀመችው ሁሉ ለዚያ ነው። ሻጩ «እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገሪኝ፣ ካልሆነ ሌላ ገዢ አለኝ» ብሏታል።

«አንዷ ክፍል ግን የሾፌር አይደለችም» አለች። የትኛዋ እንደሆነች ስጠይቃት እርሳሴን ከእጄ ወስዳ፣ እያወራን በጨረፍታ በሣልኩት ረቂቅ ላይ፣ ፎቁ ላይ በባሕሩ በኩል ያለችውን ማዕዘን ነካች። ልጇን ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ትታ ስትመጣ ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። «ድምፄን በስልክ ታውቀዋለች፤ ፊቴን ግን አታውቀውም። ቆርቆሮ ሥር እያደርኩ በምን አፌ ላምጣት? የራሴ ጣሪያ በኖረኝ ሳምንት አመጣታለሁ። መሬቱ ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ እሱን ብቻ ንገረኝ፤ አደራህን ኢንጂነር።» ማዕዘኗ ላይ አንዲት ጠባብ አልጋና አንድ ሰፊ መስኮት ሣልኩላት። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ይሆናል ወይስ አይሆንም ማለት ነበር የቢሯችን እንጀራ። ሰው መሬት ወዶ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት፣ ለመኖሪያ የተመደበውን መሬት ወደ ንግድ ለማስለወጥ ከማመልከቱና የግንባታ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት፣ ያ መሬት የታሰበውን ቤት ይሸከመው እንደሆነ እናጠናለን። መንገዱ መኪና ያዞራል? ስንት ፎቅ ይፈቀዳል? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ይቆፈራል? እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሰኞ የከተማ ፕላን ቢሮ ሄድኩ፤ ጸሐፊው ትልቁን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

ያንን ካርታ ሙሉውን ተዘርግቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። አምስት ዓመት የኖርኩባት ከተማ አንድ ወረቀት ላይ ተኝታለች። እኔ የምኖርበት የባልባላ ኮረብታ፣ ከዚያ በሚኒባስ የምወርድበት መንገድ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር የወጣላቸው ካርቲዬ የሚባሉት ሰፈሮች፣ ወደቡ፣ ሁሉም በቀለም። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ። የሴትየዋ ቦታ አውራ ጣቴ የምትሸፍናት ቢጫ ነጠብጣብ ነበረች፤ ቀዩ አጠገቧ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ጸሐፊው «ጎረቤቷ ንግድ ስለሆነ ማስለወጥ ይቻላል፤ የአፈርና የውኃ ሪፖርት አያይዛችሁ አምጡ» አለኝ። አውራ ጣቴን አንስቼ ነጠብጣቧን ደግሜ አየኋት። አንዲት ሕፃን እናቷን ማወቅ አለማወቋ በዚህች ቀለም መወሰኑ ገረመኝ።

ቢሮ ተመልሼ ማመልከቻውን ልጽፍ ስል አለቃዬ «መጀመሪያ ቆፍር» አለኝ።

ማክሰኞ በጠዋት ከባልባላ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ ሄድኩ። ቦታው የፈራረሰ አጥር አለው፤ ጥጉ ላይ አንድ ዳስ፣ ዳሱ ሥር አንድ አፋር ሽማግሌ ዘበኛ። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም ነው ለጥበቃ የተቀጠረው። አማርኛውን ከሾፌሮች ለቃቅሞ ስለተማረው ስድቡ ከሰላምታው ይልቅ የጠራ ነበር። እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና የት ቢቆፈር እንደሚሻል ሳልጠይቀው በከዘራው አሳየኝ። ሌላ ቦታ አስቆፈርኩ።

ጅቡቲ ውስጥ የጠዋት ሥራ ሩጫ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ላይ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አለቃም ሆነ ምንዝር ሥራው ላይ የሚገኝ የለም። እኔም እቅም ነበር፣ አልዋሽም። ሠራተኞቹ እንደ እሳት ተያያዙት። አምስት ሰዓት ሲሆን ጉድጓዱ ደረቴ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ የዛጎል ስባሪ፣ የኮራል ድንጋይ። ወርጄ መሬቱን ዳበስኩት። ከታች ያለው አሸዋ ጠቆር፣ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። እኔ ባደግኩበት ደጋ መሬት ውስጥ የሚገኝ ውኃ ከሰማይ የወረደ ነው፤ ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዝናብ ከጣለ ወራት አልፈዋል። ማስታወሻዬን አወጣሁና «ደረቅ» ብዬ ጻፍኩ።

ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ቆይ። ከሰዓት በኋላ እይ» አለኝ።

«አባባ፣ ከሰዓት በኋላ በዚህ አገር ማን ይሠራል?» አልኩት። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሰባት ሰዓት ላይ ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። እኔ ግን ምን ያጣድፈኝ እንደነበር እንጃ፤ ሪፖርቱን አለቃዬ ሳያየው፣ ቅሜ እንደተነሳሁ፣ አመሻሹ ላይ ፒኬ ዱዝ ሄድኩ። ጭልፋ ይዛ ድስቷ ላይ ጎንበስ ብላለች። «እትዬ፣ ይሆናል» አልኳት። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። ከዚያ የሽንኩርት ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ሾፌሮቹ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። አንዱ ስልኩን ሰጣትና ድሬዳዋ ደወለች። «ክፍልሽ ተገኘ» ትላለች፤ «ፎቅ ላይ ነው። አዎ፣ ባሕር ይታያል። ኢንጂነሩ እዚሁ አጠገቤ ነው።» እኔም አጠገቧ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዬ ሪፖርቱን አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «በስንት ሰዓት ነው ያየኸው?» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሰባት ሰዓት» አልኩት። «ከዚያስ?» እሱም የት እንደምሄድ ያውቃል፤ እሱም እዚያው ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋውና «እኛ ነን እንጂ ባሕሩ ጫት አይቅምም። ዛሬ ሄደህ እስኪመሽ ተቀመጥ» አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በውስጤ እየተሳደብኩ ወጣሁ። ለመታዘዝ ሳይሆን እሱን ለማሳፈር ነበር የሄድኩት።

ስደርስ ከተማው ጭር ብሏል። ሱቁ ተዘግቷል፣ አስፋልቱ ላይ የሚታይ ሰው የለም፤ ከየግቢው የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጀሪካን ገልብጦ ተቀምጧል። ሌላ ጀሪካን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፤ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ጉድጓዱ እንደተውኩት ነው። ለአለቃዬ የምነግረውን ቃል በሆዴ እያሰማመርኩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጉድጓዱ ወለል ጠቆረ። ቀጥሎ አበራ፣ ላብ እንዳወዛው ግንባር። ዓይኔ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። አሸዋው ኩፍ እንደሚል ሊጥ ቀስ ብሎ ተነሳና መሐሉ ላይ ውኃ ታየ። አልፈሰሰም፣ አልተንጠባጠበም፤ ከሥር ነው የመጣው፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ጥርት ብሎ። ዝናብ የለም፣ የፈነዳ ቧንቧ የለም። ባሕሩ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ ወዲያ ነው፤ ከተቀመጥኩበት አይታይም እንኳ። ውኃው ግን ይወጣል። ሽማግሌው አንድ እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ተክሎ ነበር፤ እንጨቱ ላይ በቢላዋ የተጫረ መስመር አለ። «እዚያ ይደርሳል» አለኝ። እየጠበቅኩት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውኃው እዚያው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ብገባበት ጉልበቴን ይሸፍናል። ሽማግሌው «አሁን ይመለሳል» አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ እንዳለው፣ መስመሩ ከውኃው ወጣ።

አፌን ያዝኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቼ ተገርሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቆሌዬ ተገፎ አያውቅም። ባሕሩ በየቀኑ ሲሞላ ከመንገዱ ሥር አልፎ፣ ከጎረቤቶቹ ቤት ሥር፣ ሰዎች ጫታቸውን ይዘው ከተጋደሙበት ምንጣፍ ሥር ገብቶ፣ እኛ ጋ ደርሶ፣ ሲጎድል ደግሞ ይመለሳል። ትናንትም እንዲሁ አድርጓል። እኔ ሳልወለድም፣ መንገዱም ወደቡም ሳይኖሩ እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል። አምስት ዓመት በላዩ ስመላለስ አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። ፕላን ቢሮ ያየሁት ቢጫና ቀይ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ይህ ሁሉ ውኃ የትኛውም ቀለም ላይ አልነበረም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት፣ ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ።

«ነገርኩህ። አንተ ጫት ልትገዛ ሄድክ።»

ያን ጊዜ ነው ሴትየዋ ለልጇ «ክፍልሽ ተገኘ» ያለቻት ትዝ ያለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አመጣኋት። ፒኬ ዱዝ ላይ እውነቱን ልነግራት ነበር፤ ፈራሁ። «ቦታውን ላሳይዎት» ብቻ አልኳት። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ከፌስታል ሰማያዊ ጨርቅ አውጥታ ጭኔ ላይ ዘረጋችው፤ ለልጅቷ መስኮት መጋረጃ ገዝታለች። «ይበቃል? መስኮቷን ሰፊ አድርገህላት የለ» አለችኝ። «ይበቃል» አልኳት።

ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆምኳት። ውኃው እየወጣ ነበር። መጀመሪያ ማን ደፋበት ብላ ሽማግሌውን አየችው፤ ከዚያ ራሱን ችሎ ሲጨምር አየች። ሽማግሌው በጣሳ ቀድቶ አቀበላት። ጣቷን ነከረችና ምላሷ ላይ አደረገችው። «ጨው ነው» አለች፣ ለራሷ። ነገሩን አስረዳኋት፤ ጨዉ የመሠረቱን ብረት ይበላዋል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በየቀኑ ከሥር እየሞላ ግቢዋ ላይ ይገነፍላል፣ መሬቱን ወደ ንግድ ለውጡልን ብንል ቢሮው አይቀበለንም፣ ቢቀበለን ደግሞ የባሰ ነው። ስጨርስ «ልጅቷ እኮ ፎቅ ላይ ናት» አለችኝ። «ውኃው ፎቅ ይወጣል?»

«ፎቁም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

«ከትናንት ወዲያ ደረቅ ነው አልከኝ።»

«ተሳሳትኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ትቼው ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ በወደድኩ። እሷ ግን አዲሱን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የእኔ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ውኃው መስመሩ ላይ ደርሶ እስኪመለስ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ ያየሁትን እያየች እንደነበር ፊቷ ላይ አነበብኩ። «እና ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ማንም ሳያየው?» ብላ ሽማግሌውን ጠየቀችው። «ሁልጊዜ» አላት። ጨርቁን በአራት አጠፈችውና «እሺ፣ ደውዬ ምን ልበላት?» አለችኝ።

ቅዳሜ ለሻጩ እንደማትገዛ ቁርጡን ነገረችው። ቦታውን ሌላው ሰው ገዛው፣ ሠራበትም። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግድግዳው እስከ ወገቡ ነጭ ጨው አወጣ፤ ግቢው አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ሆነ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደስታም ኩራትም አይሰማኝም፤ በዚያች ማዕዘን ላይ የሣልኳት ጠባብ አልጋ ናት የምትታየኝ። ከዚያ በኋላ ጫት አልቃምኩም ብል ውሸት ነው። ጉድጓድ ባስቆፈርኩበት ቀን ግን ቅሜ አላውቅም፤ በዚህም የቢሮው ሰው ሁሉ መሳቂያ አድርጎኝ ነበር።

የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ሲነጠፍ በነበረበት ሰሞን፣ አሥር ዓመት አልፎ፣ ሴትየዋ እንደገና ቢሯችን መጣች። ጸጉሯ ሸብቷል። ጫማዋን ሳታወልቅ ነጩ ወለል ላይ ገብታ ቆመችና «ኢንጂነር፣ ተነስ እንቆፍር» አለችኝ። ባልባላ፣ ኮረብታው ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ የሆነ ቦታ አግኝታለች። ለመቆፈር ሁለት ቀን ሙሉ መዶሻ ፈጀ። ከባሕሩ በላይ እጅግ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ጅረትም የባሕር ውኃም ሊደርስበት አይችልም። «እትዬ፣ ይሄ ድንጋይ ነው፤ እዚህ ውኃ አይመጣም» አልኳት። «እንጠብቃለን» አለች። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሁለት ጀሪካን ገልብጠን ተቀመጥን። ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ከተማው ጭር አለ። አልተነሳንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ረጅም ወጣት ምሳ በሳህን ይዛልን መጣች፤ ልጇ ነበረች። ቤቱን አልጠበቀችም። አደገችና ከሁለት ዓመት በፊት በራሷ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። እናትየው መናኸሪያ ልትቀበላት ወጥታ በአጠገቧ አልፋት ሄዳ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ነበር ዓይኗ የሚፈልገው። ይህንን እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ልጅቷ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ጉድጓዱ አየች። «እማዬ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ኢንጂነሩን ጠይቂው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። የዚያች ማዕዘን ባለቤት እሷ ነበረች። «ኢንጂነር አይደለሁም» አልኳት። «ሆኜም አላውቅም። ንድፍ አንሺ ነኝ።» ይህን ለማለት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

እናትየው ዓይኗን ከጉድጓዱ ሳታነሳ «አውቃለሁ» አለች።

«መቼ አወቁ?»

«ጉድጓዱ አፍ ላይ አቁመህ ተሳሳትኩ ያልከኝ ቀን። ኢንጂነር ቢሆን ወረቀት ነበር የሚልክልኝ።» እንጀራውን ቆርሳ ለእኔም ለልጅቷም ዘረጋችልን። «ብላ አሁን። ገና አልመሸም።»

በላን። ልጅቷም ድንጋይ አቅርባ በመሐላችን ተቀመጠች፤ ምን እንደምንጠብቅ ዳግመኛ አልጠየቀችም። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ወረድኩና የጉድጓዱን ወለል በመዳፌ ዳበስኩት። ከዚያ ማስታወሻዬን አውጥቼ «ደረቅ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ሰዓቱን ጨመርኩ፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት።